ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ትንፋሹ የማይታየው ሰው

ክቡር አዘጋጅ፣

የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት አብሮ ብቅ ይላል፤ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን ድራማ መሥራት የሀብታም አገር ሥራ ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚል። በቀረፃና በድምፅ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደመሆናችን በዚህ አንስማማም። መርከብ ከመርከብ ጋር ሰማይ ላይ የሚታኮስበት ድራማ ከሆነ እርግጥ ነው፣ አንችለውም። የስውር ወረራ ድራማ ግን ሌላ ነው። ወራሪው ሰው መስሎ ሰው መሃል ገብቷል፤ ስለዚህ ካሜራው ፊት የሚቆመው ሰው፣ ቤት፣ መንገድና ቡና ነው። ከአንድ የቤተሰብ ድራማ የበለጠ ብዙ ወጪ የለውም። የሚከብደው አንዲት ጥያቄ መመለስ ነው፦ ሰው የመሰለው ፍጡር በምን ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በጥር 1967 በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው «ዘ ኢንቬደርስ» ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰ ማየት ይጠቅማል። ሐሳቡ የላሪ ኮኸን ነው፤ ሮይ ቲነስ ዴቪድ ቪንሰንት የተባለ አርክቴክት ሆኖ ይጫወታል። በሁለት ምዕራፍ 43 ክፍሎች ታይቶ በመጋቢት 1968 አበቃ። ሰውየው ሌሊት አቋራጭ ፍለጋ መንገድ ስቶ ሲነዳ መርከብ ሲያርፍ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚያምነው ሰው ፍለጋ ነው። መርከቡ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚታየው። ወራሪዎቹ የልብ ትርታ የላቸውም፣ ደማቸው አይፈስም፣ የብዙዎቹ ትንሿ ጣት ደርቃ አትታጠፍም። ሲሞቱ ቀይ ብርሃን ይውጣቸዋል፤ የሚቀረው አመድ ብቻ ነው። የጣቷ ነገር ምን ያህል ገንዘብ እንደወሰደ አስቡት። ተዋናዩ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አለቀ።

ይህን ምልክት እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ግን አይቻልም። ሲኒያችን እጀታ የለውም። ቡናው ሲያቃጥል ሰው የሲኒውን ከንፈር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ይይዝና ትንሿን ጣት ያነሳል። አንድ ረከቦት ዙሪያ ከተቀመጡት ስድስት ሰዎች ሦስቱ ወራሪ ሆነው ሊገኙ ነው። በዚያ ላይ ማጭድ ያገኘው፣ በር የጨፈለቀው፣ ተሰብሮ እንደነገሩ የገጠመ ጣት ያለው ገበሬ ብዙ ነው።

ጸሐፊ ቸኩሎ የሚያመጣቸው ሌሎች ምልክቶች ደግሞ ከዚህ የከፉ ናቸው። እንግዳው አማርኛው ይሰበር፤ በጾም ሥጋ ይብላ፤ የማን ልጅ ነህ ሲሉት ሰባት ቤት መቁጠር ያቅተው። እነዚህ ሁሉ መጣል አለባቸው። መጤ የሚለው ቃል በዚህ አገር ስንት ሰው ከቤቱ እንዳስወጣ እያወቅን፣ ሰው ጎረቤቱን በአነጋገሩ ወይም በማዕዱ እንዲጠረጥር የሚያለማምድ ድራማ ማየትም መሥራትም አንፈልግም። ከሙያ አንጻርም ደካማ ምልክቶች ናቸው። ቋንቋ ይጠናል፣ ጾም ይለመዳል፣ የትውልድ ሐረግ በአንድ ሌሊት ይሸመደዳል። ከዋክብትን አቋርጦ የመጣ ፍጡር የመንዝን አነጋገር መማር ያቅተዋል ብሎ የሚያምን ተመልካች የለም። ምልክቱ በትምህርት የማይሸፈን፣ ዘርና ሃይማኖት የማይመርጥ የአካል ነገር መሆን አለበት። በሌላ በኩል ሁልጊዜ የሚታይም መሆን የለበትም፤ ሁልጊዜ ከታየ ድራማው በሁለተኛው ክፍል ያልቃል።

ሰሜን ሸዋ እንዲህ ያለውን ምልክት በነፃ ይሰጣል፤ ትንፋሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ በጠራበት ሌሊት አመዳይ ይጥላል፣ ጠዋት የሰው ሁሉ ትንፋሽ እንደ ጀበና እንፋሎት ይታያል። ከአፍ የሚወጣው አየር ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ የውጪው ቅዝቃዜ ከ7 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። እንግዳው ሰው የመሰለ ገላ አለው እንጂ ሙቀት የለውም እንበል። ሲናገር ከአፉ ምንም አይወጣም።

እንዲህ ይታሰብ። ሊነጋጋ ሲል፣ ከ12 ሰዓቱ ፈረቃ በፊት፣ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሰልፍ አለ። ወጣቶቹ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው እግር እያፈራረቁ ይቆማሉ። ከእያንዳንዱ አፍ ነጭ ትንፋሽ እየወጣ ከበሩ መብራት ሥር ይበተናል። ካሜራው ከሰልፉ ጭራ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ትንፋሽ፣ ትንፋሽ፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ምንም፣ ከዚያ እንደገና ትንፋሽ። ሙዚቃ አያስፈልገውም።

ቀረፃው ላይ የሚበላሸው መጀመሪያ መብራቱ ነው። መብራት ከካሜራው ጎን ከመጣ ትንፋሽ ጨርሶ አይታይም። ከተዋናዩ ኋላ በጎን በኩል፣ ከራሱ ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከኋላው ያለው ነገርም ጥቁር ይሁን፤ የተከፈተ የጨለመ በር፣ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ የመንዝ ጥቁር ባና። ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ትንፋሽ የለውም፤ ሁሉም ወራሪ ይሆናል። ሰው ሆነው የሚጫወቱት ከመቀረፃቸው በፊት ትኩስ ሻይ ፉት ይበሉና በአፋቸው ይተንፍሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው 12:30 ገደማ ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 11:45 ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 1:15 ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል አለ። ከኮረብታ በስተ ምዕራብ ያለ ሰፈር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትደርስበት ትንሽ ይጨምራል።

እንግዳውን ትንፋሽ ለመንሳት የቆየ የሲኒማ ዘዴ አለ፤ በረዶ። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጭ በረዶ ተዋናዩ አፍ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያሉ፣ ይተፋቸዋል፣ ወዲያው ይቀረፃል። በረዶ አፍን እንጂ ሳንባን አያቀዘቅዝም። ተዋናዩ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጀመረ ከሳንባው ሞቃት አየር ይወጣና ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህ የእንግዳው ንግግር ከአምስት ስድስት ቃል አይለፍ። ይህ ራሱ ጠባይ ይሰጠዋል፤ ቁጥብ፣ ቅልብጭ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው። ምላስ ሲደነዝዝ ግን «ሰ» እና «ጸ» ይቀላቀላሉና ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና መቀዳት አለበት። ጥርሱን የሚያመው ተዋናይ ለዚህ ሚና አይታጭ።

ያለ በረዶም መንገድ አለ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የትዕይንቱን ቅደም ተከተል ተከትለው መቅረጻቸው ላይ ነው። ብርዱ ጠንካራ እያለ የሰዎቹን ፊት በሙሉ ጨርሱ። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚታዩበትን ብቻ በበረዶ ቅረጹ። የእንግዳውን ፊት ለብቻው የሚያሳየውን አየሩ 10 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የማንም ትንፋሽ በማይታይበት ሰዓት፣ እዚያው ጥላ ውስጥ አንሱት። ፀሐይ ካረፈበት ቀለሙ ስለሚሸሽ ዋይት ባላንሱ (የካሜራው የቀለም ሚዛን) በእጅ ተቆልፎ ይቆይ።

ምልክቱ ታሪኩንም ራሱ ያደራጀዋል። ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ የማንም ትንፋሽ ስለማይታይ ምድጃ ዳር ሁሉም ሰው ነው። መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥም እንዲሁ። ስለዚህ እንግዳው ከጠዋት ይሸሻል፣ ቤት ውስጥ ይደፍራል። መሸሽ ሲያቅተው ሲጋራ ያጨሳል፤ ጭሱ ትንፋሽ ይሆንለታል። ወይም ትኩስ ሻይ አፉ ላይ ይዞ ያወራል፣ እንፋሎቱ ይሸፍነዋል። ጋቢ አፍ ላይ መጠምጠም ግን እንደ ምልክት አይቆጠርም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ያንን የማያደርግ ማን አለ?

ዋናው ሰው ማን ይሁን? አሜሪካኖቹ አርክቴክት ያደረጉት በየከተማው ለሥራ ሊገኝ ስለሚችል ይመስለናል። እኛ ዘንድ በየግቢው ገብቶ የማይጠየቅ ሰው ቆጣሪ አንባቢ ነው። ወራሪዎቹ በዚያ ድራማ ውስጥ የሰው መልካቸውን ጠብቀው ለመቆየት በየጊዜው የሚታደሱበት መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። መሣሪያ ካለ ኤሌክትሪክ አለ። እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አምፖልና ቴሌቪዥን ተጨምሮ ተራ ቤት ከ100 ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ምጣድ የሌለበት፣ ጭስ የማይወጣበት፣ አንድ ሰው የተከራየው ክፍል በወር 1,400 ቢያነብ፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 2 ኪሎዋት ያህል የሚስብ ነገር ከበሩ ጀርባ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ከእውነት ጋር ይግጠም፤ በየወሩ የመብራት የሚከፍል ተመልካች ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ይሠራል። የካርድ ቆጣሪ የገባበት ሰፈር ደግሞ ለዚህ ታሪክ አይሆንም፣ አንባቢ አይሄድበትምና። መብራት ሲጠፋስ? እንግዳው ጄነሬተር ይገዛል፣ ናፍጣ ፍለጋ ጀሪካን ተሸክሞ ይሰለፋል፣ ሰልፉም ጠዋት ነው። ይህን ትዕይንት ማንም የውጭ ጸሐፊ ሊጽፈው አይችልም።

ሰውየው ግን እንደ ቪንሰንት ብቻውን አይሮጥም። የአሜሪካው ድራማ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚያምኑት ጥቂት ሰዎች ጨመረለት፤ የእኛው ገና ከመጀመሪያው ክፍል እናት፣ ዕድርና የሥራ ባልደረባ አለው። ችግሩ እናቱ አለማመኗ አይደለም። ወዲያው ታምነዋለች፣ ከዚያም ለጎረቤት ሁሉ ትነግራለች።

አሟሟቱ ብዙ የሚፈራ ቢሆንም በእጅ የሚሠራ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቆለፍ፤ ኤክስፖዠሩ (የብርሃን መጠኑ)፣ ፎከሱ፣ ዋይት ባላንሱ ሁሉም በእጅ። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) 1/50፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሌላ ቁጥር ብልጭ ድርግም ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ ባዶው ቦታ ለብቻው 20 ሴኮንድ ይቀረፃል። ከዚያ ተዋናዩ ወድቆ ይቀረፃል፤ ቀይ መብራት በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ከዝቅታ ወደ ሙሉ እየጨመረ ይወርድበታል። ሳይነሳ የአካሉ ዙሪያ በትናንሽ ችካሎች ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ይነሳል። ከዚያ አመዱ ይነሰነሳል፣ ችካሎቹ ይነቀላሉ፣ እንደገና ይቀረፃል። ኤዲቲንግ ላይ ሦስቱ በ50 ፍሬም አንዱ ወደ ሌላው ይቀልጣሉ፤ ባዶው ቦታ የቀይ ብርሃኑን ጠርዝ ለማጽዳት ይጠቅማል። ልብሱም አብሮ ይጥፋ። ጫማ ቀርቶ ከተገኘ ማስረጃ ነው፣ ታሪኩም አበቃ።

አመዱ የባሕር ዛፍ ይሁን፣ በወንፊት ይነፋ። 1 ሜትር ከ70 በግማሽ ሜትር ቦታን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን 4 ሊትር ከሩብ ያህል ያስፈልጋል፤ ለመድገም ሦስት እጥፍ ያዙ። በጥቁር ዋልካ መሬት ላይ አምሮ ይታያል፣ በደረቀ ሣር ላይ ይጠፋል። እንዳይበን ብላችሁ ውኃ አትርጩበት፤ ጭቃ ይመስላል። አንኮበር አካባቢ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ነፋስ ሽቅብ ስለሚወጣ ሥራው ከረፋዱ በፊት ይለቅ። ዋልካው እርጥብ ከሆነ የትራይፖዱ እግር ቀስ እያለ ይሰምጥና ሦስቱ ምስሎች አይገጥሙም፤ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ። በተዋናይ ፊት ላይ ግን እውነተኛ አመድ ፈጽሞ አይቀባ፤ ላብ ሲነካው ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የስንዴ ዱቄት በጥቂት የከሰል ዱቄት ተለውሶ ይተካዋል።

ከዚያ በኋላ ቆጣሪ አንባቢው ፖሊስ ይዞ ሲመለስ፣ የጎረቤት ዶሮ አመዱ መሃል ተኝታ ክንፏን እያራገበች ትታጠብበታለች። ይህን ለማስደረግ ዶሮዋን ማሠልጠን አያስፈልግም።

መርከቡን ማሳየት ካስፈለገ ጣርማ በር አለ። ከሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ሞቃት አየር ገደሉን ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፤ ጉም ደግሞ ብርሃን ያለበትን ያሳያል፣ ቅርጹን ይሰውራል። ሁለት ጠንካራ የኤልኢዲ መብራቶች ከጋራው ጀርባ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ዞረው ይቁሙ፤ ከካሜራው በኩል የተተኮሰ መብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ደሴው መንገድ በደንብ ርቆ ይሁን። ቁልቁለቱን በጉም የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ዓይን ላይ መብራት መጣል ድራማ አይደለም። ቀበሌውና ነዋሪው ከቀናት በፊት ይወቁት። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳ፤ ፈቃድ ቢኖርም ዛሬ ከራሱ በላይ ሲጮህ የሚደነግጠው ሰው ብዙ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል።

ድምፁ ከምስሉ በላይ ይሠራል። የመንዝ ሌሊት ውሻ ያለማቋረጥ የሚጮኽበት ነው። መርከቡ ሲቀርብ ውሾቹ አንድ በአንድ ዝም ይበሉ፤ መጀመሪያ የሩቁ፣ ከዚያ የመንደሩ፣ መጨረሻ የግቢው። ድምፁ ጨርሶ ዜሮ ከገባ ግን ተመልካቹ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት ሪሞት ያነሳል። የነፋሱ ሹክሹክታ በቀጭኑ ከሥር ይቆይ።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፎቹ ከጋቢ ሥር፣ ደረት አካባቢ ይያዙ። ከውጪ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌንስ ስለሚያልበው፣ ካሜራው ገና በር ላይ ሳለ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። መንዝ ጓሳ ሄዶ መቅረጽ ለሚያምረው፣ ቦታው ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ነው፤ ተጠይቆ ይገባል፣ እሳት አይነድድበትም፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አይባረርም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ያልነበረ አንድ ችግር አለ፤ ሞባይል። ተመልካቹ ለምን አልቀረጸውም ማለቱ አይቀርም። ይቅረጸው። ትንፋሽ የሌለው ሰው የታየበትን ቪዲዮ በኮምፒዩተር ያጠፋኸው ነው ቢሉት ምን ይመልሳል?

የከተማዋ ስም ጉዳይም አለ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ደብረ ብርሃንን እንደቆረቆሩ ይታወቃል፤ ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የመጀመሪያው መርከብ ያኔ መጣ ብሎ ለመጻፍ እጁ የሚበላው ጸሐፊ አይጠፋም። እንዲተወው እንመክራለን። የብዙ ሰው እምነት የቆመበትን ታሪክ ለአንድ ክፍል ማጣፈጫ ማድረግ ርካሽ ነው፤ ድራማውም አያስፈልገውም።

ለዘንድሮ የሚያስብ ካለ ጊዜው ጠባብ ነው። የ13 ክፍል የጠዋት ትዕይንቶች በሙሉ ተሰብስበው ከኅዳር 15 እስከ ጥር 15 መቀረጽ አለባቸው። የበልጉ ደመና ሲመጣ ሌሊቱ ይሞቃል፣ ትንፋሽም ይጠፋል። ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ኅዳር ምድጃ ዳር ያሉትን ትዕይንቶች ይቅረጽ።

ከአክብሮት ጋር
የቀረፃና የድምፅ ባለሙያዎች
ከደብረ ብርሃን